ልጆቹን ትተን መጣን

ሁለት ሰዎች ለዓመታት በአንድ አልጋ እየተኙ አብረው አይተኙም ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነት ነው። ባልየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ማታ ወጥቶ ጠዋት ይገባል። ሚስትየው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። አልጋው ብቻ ነው ሥራ የማይፈታው። እሷ ስትነሳ እሱ ይገባበታል፣ እሱ ሲነሳ እሷ ትጋደምበታለች፤ አንሶላው ቀዝቅዞ አያውቅም። «ታዲያ ሁለቱ ልጆች ከየት መጡ?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ትልቋ የተወለደችው ጋጋሪው ገና በቀን ፈረቃ እየሠራ ሳለ ነው። ትንሹ ድንቡሼ ደግሞ የምድጃው ልጅ ነው፤ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተሰንጥቆ ሥራ ቆሞ የሰነበተ ጊዜ የተገኘ። ይህን እየሳቀች ለደንበኞቿ የምታወራው ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ናት። በሳምንት አንድ ሌሊት እረፍት አለው፤ ያችንም እንደ ግንድ ተጋድሞ ነው የሚያነጋት።

ባልና ሚስቱ የሚገናኙት በራፍ ላይ ነው። ጠዋት እሱ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ ሲገባ፣ እሷ ቦርሳዋን አንግታ ትቆያለች። ርክክብ ይሉታል። «ድንቡሼ አልበላም። ጋዙ ሊያልቅ ነው። የትልቋ አስተማሪ ልታይህ ትፈልጋለች።» «እሺ።» ከዚያ ጫማዋን እያጠለቀች ያለፈውን ቀን የደንበኞቿን ወሬ ትወረውርለታለች፤ የትኛዋ ሙሽራ እንዳለቀሰች፣ የትኛዋ ሴትዮ ፀጉሯን ወርቃማ ቀለም አስቀብታ ከባሏ እንደተደበቀች። «እሺ» ብሎ ወደ አልጋው ያመራል። ማታ ደግሞ ተራው የእሱ ነው። «ውሃ ጠፍቷል። ድንቡሼ ጉልበቱን ተልጧል። ምሳ ተርፏል።» «እሺ።» ዘበኞች ፈረቃ ሲቀያየሩ ከዚህ የተሻለ ይጫወታሉ።

ድንቡሼ አፉን ሲፈታ ከ«እማ» ቀጥሎ የተማረው ቃል «ሽሽ» ነበር። አባት ማለት ለእሱ የተዘጋ በር ነው። በሩን አልፎ ለመጫወት በጣት ጫፍ መሄድ አለበት፤ ቤቱ ሁሉ በጣት ጫፍ ነው የሚኖረው።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ማታ ጋጋሪው ጃኬቱን እየለበሰ፣ «ምድጃው ሊታደስ ነው። ከዓርብ እስከ ሰኞ ሥራ የለም» አለ። ጋዙ እንደሚያልቅ፣ ውሃው እንደጠፋ በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው።

ፀጉር ሠሪዋ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

«እንሄዳለን» አለች።

«የት?»

«የትም። ሁለታችን።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ይቀራሉ።»

ሰው ገደልኩ ብትለው እንዲያ የሚደነግጥ አይመስልም። አንዱን እጁን ጃኬቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ሌላው እጅጌ እንደተንጠለጠለ ቆመ። እሷ ደግሞ አንዴ ከአፏ ስለወጣ መልሳ ልትውጠው አልፈለገችም። ሐሳቡ ከመጣላት ገና ደቂቃ አልሞላውም፤ እልሁ ግን ዓመታት የተጠራቀመ ነበር። በማግስቱ ለአንድ የሐይቅ ዳር እንግዳ ማረፊያ ደውላ ክፍል ያዘች። ሱቋ በር ላይ «ቅዳሜ ዝግ ነው» ብላ ለጠፈች። ቅዳሜ የሙሽሮች ቀን ነው፤ ፀጉር ሠሪ ቅዳሜ ዘጋች ማለት አንድም ታማለች አንድም አብዳለች። ጠያቂ ሲበዛባት ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠች፤ «ከባሌ ጋር ልዝናና ነው።» የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ሴትዮ የሰማችውን ስላላመነች ጭንቅላቷን ከሙቀቱ አውጥታ፣ «ከማን ጋር?» ብላ ደግማ ጠየቀች።

ዋናው ፈተና ግን እትዬ ነበሩ። እትዬ የጋጋሪው ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የሚድህ ሕፃን ነበርና አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸውን ስድስት ልጆች የወለዱት እሱን ካሳደጉ በኋላ ነው። ክፉ ሴት አይደሉም። ግን የተናገሩት ሁሉ መሆን አለበት፣ ካልሆነም እስኪሆን ይናገሩታል። ጋጋሪው በእሳቸው ፊት «እምቢ» ያለበት ቀን የለም። ከሳቸው ጋር ሲሆን «እሺ» ከአፉ ቀድማው ትወጣለች፤ ምን እሺ እንዳለ የሚያስበው በኋላ ነው።

«ልጆቹን ማን ይይዛል?» አሉ እትዬ ነገሩ ሲነገራቸው።

«እርስዎን ልናስቸግር ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«እኔን? እኔማ ምን አገባኝ። ሂዱ። ወግ ነው። እኛ ስድስት ስናሳድግ አንድ ቀን ከቤት ውጪ አድረን አናውቅም፤ የዛሬ እናቶች ግን እንዲህ ናችሁ። ሂዱ፣ ሂዱ።»

እንደዚህ ያለው «ሂዱ» ትርጉሙ «ሂዱና እንተያያለን» መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ፀጉር ሠሪዋ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «እግዜር ይስጥልን እትዬ» ብላ ጉንጫቸውን ሳመች። ጋጋሪው ወለሉን ያይ ነበር።

ዓርብ ማታ ደረሱ። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ወደ ሐይቁ የሚያስወጣ በረንዳ። መንገዱ አድክሟት ነበርና ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጋጋሪው ደግሞ ሌሊት መተኛት ከረሳ ቆይቷል። እንዳይቀሰቅሳት ወንበሩን ወደ በረንዳ አውጥቶ ተቀመጠና፣ ምድጃ የሌለበት ሰው እጁን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት አነጋ። ጎህ ሲቀድ እሷ ነቃች። ፊቷን ታጠበች። ፎጣው የት እንደተሰቀለ፣ የትኛው ቧንቧ ሙቅ እንደሆነ ነገረችው። እሱም «እሺ» ብሎ ከተነሳችበት ቦታ ገብቶ ተኛ።

እሷም መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋ፣ በጣት ጫፍ ወጥታ፣ በሩን እንዳይጮህ ከፍ አድርጋ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ባልዲ እየጎተተች ትመጣለች። ፀጉር ሠሪዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «ሽሽ፣ ተኝቷል» አለቻት። ወደ ጓሮ ወጣች። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል ሮጣ ሄዳ፣ «ወንድሜ፣ እዚያ ማዶ ብትጀምር? ባለቤቴ የሌሊት ሠራተኛ ነው» አለችው። ሰውዬው እሺ ብሎ ማዶ ሄደ። ከዚያ ጥላ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ፣ ልጆቹ ቁርስ በልተው ይሆን ስትል አሰበች።

እዚያ ላይ ነው ያደረገችው የገባት።

ቆሽቷ አረረ። በማንም አይደለም፣ በራሷ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተጋፍታ፣ የባሏን እህት ፊት ችላ፣ ሙሽሮቿን ለሌላ ፀጉር ቤት ሰጥታ የመጣችው ሌላ ክፍል ውስጥ ፈረቃ ልትገባ ነው? ማን አስገደዳት? ማንም። በገዛ እጇ መጋረጃ ዘግታ፣ በገዛ እግሯ ዘበኛ ቆማለች። ተነሳች። ኮሪደሩን ስታልፍ ተረከዟን ሆን ብላ እያንቋቋች ነው። በሩን በረገደችው፣ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ገፈተረችው፣ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

«ተነስ።»

«ድንቡሼ ምን ሆነ?» አለ ጋጋሪው ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ድንቡሼ የለም። እኔ ነኝ። ተነስ።»

«ፀሐይ ወጥቷል እኮ።»

«ለዚህ ነው ተነስ የምልህ።»

«እኔ ቀን ካልተኛሁ በእግሬ አልቆምም፣ ታውቂያለሽ።»

«አትቁም። ተቀመጥ። ዓይንህን ብቻ ግለጥልኝ። ያገባሁት ሰው ዓይን ምን ዓይነት እንደሆነ ሊጠፋኝ ነው።» ይህን ስትል ድምፅዋ መሳሳት ጀመረ፤ ድምፅዋን ራሱን ተቆጥታ መልሳ አወፈረችው። «ሁለት ቀን ነው የለመንኩህ። ሁለቱንም ተኝተህ ልትጨርስብኝ ነው?»

ጋጋሪው ተነስቶ ተቀመጠ። ፀጉሩ በአንድ ወገን ቆሟል። ትንሽ ሲያያት ቆየና ሸሚዙን ፈለገ።

ቁርስ ላይ መከራ ሆነ። ጠረጴዛው ንጹሕ፣ ሻዩ ሙቅ፣ ሐይቁ ፊት ለፊታቸው የተዘረጋ፤ ወሬ ግን የለም። እሱ አፉን ከፈተና፣ «ትልቋ ሒሳብ ላይ…» ሲል፣ እሷ፣ «ልጆች አይነሱም» ብላ አቋረጠችው። እሷ ደግሞ ዳቦውን ቆርሳ፣ «ይሄን ድንቡሼ ቢያገኘው…» ብላ ራሷ ምላሷን ነከሰች። ከዚያ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ሲዞር ይሰማል። ባልና ሚስት ሆነው የሚያወሩት ያጡ ሰዎች ከእንግዳ ይብሳሉ፤ እንግዳ ቢያንስ ስም ይጠያየቃል።

ጋጋሪው ዳቦውን ሁለት ቦታ ከፍሎ ውስጡን ጫን ጫን አደረገው። «እርሾው በዝቷል» አለ። «ሰነፍ ጋጋሪ ነው። ቸኩሎ ነው ያወጣው። ሬዲዮ ቢኖር አያሳልፈውም ነበር።»

«ሬዲዮ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተ?»

«ዳቦ ቤት እንዲህ ነው የሚሉኝ። ስለማወራ።»

ፀጉር ሠሪዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከዚህ ሰው በቀን ከአንድ እፍኝ «እሺ» በላይ አግኝታ አታውቅም። «ምንድን ነው የምታወራው? ለማን?»

«ለልጆቹ ነዋ፣ ለሠራተኞቹ። ሊጥ እያቦካን እንቅልፍ እንዳይጥለን። አንቺ ጠዋት የምትነግሪኝን ነው የምነግራቸው። ፀጉሯን ወርቃማ አስቀብታ የተደበቀችውን ሴትዮ አንድ ሳምንት ነው ያወራናት። በየማታው፣ ‹ባሏ አየ ወይ?› ይሉኛል። እኔ ምን ልበል? አንቺ መጨረሻውን ሳትነግሪኝ ሄድሽ።»

«አየ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ሳቋ ሊያፈነዳት እየደረሰ። «አየና እሱም ቀለም ተቀብቶ መጣ።»

ጋጋሪው ሳቀ። አፉ ሙሉ ሻይ ነበርና ጠረጴዛው ላይ ረጨው፤ እሷም ወንበሯን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ከማዶ ተቀምጠው የነበሩ እንግዶች ዞረው አዩአቸው። ይዩ። ያን ሁሉ ዘመን ጫማ እያጠለቀች ለግድግዳ የተናገረች ይመስላት ነበር፤ ለካስ ምሽቱን ሙሉ የሚጠብቋት ሰዎች አሉ። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «እኔኮ አትሰማኝም ብዬ ነበር» አለችው። «እሰማለሁ» አለ፤ «መልስ የምሰጠው እዚያ ሄጄ ነው።»

ይህን በተባባሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ነበሩ።

«ልጁ አተኩሶታል» አሉ፣ ሰላምታ ሳይቀድም። «ሌሊቱን እማዬ ሲል ነው ያደረው። እኔ ኃላፊነቱን አልወስድም። ኑ።»

ፀጉር ሠሪዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። እናት ናት፤ ድንጋይ አይደለችም። ጋጋሪው ከፊቷ አንብቦ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቷል፤ ቦርሳውን ሊያመጣ ነው። እሷ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችውና፣ «እትዬ፣ እስቲ ትልቋን ያቅርቡልኝ» አለች።

«እኔን አላመንሽም?»

«አምናለሁ። ያቅርቡልኝ።»

ትልቋ ልጅ መጣች። ይህች ልጅ ውሸት ስትናገር ጆሮዋ ስለሚቀላ ከተወችው ቆይቷል። «ወንድምሽን ግንባሩን ንኪው» አለቻት እናቷ። «ከዚያ የራስሽን ንኪ። የማን ይሞቃል?»

«እንዲቆም ላድርግ መጀመሪያ። ሶፋ ላይ እየዘለለ ነው» አለች ልጅቷ። ጥቂት ቆይታ፣ «የእኔ ነው የሚሞቀው። እሱ ደህና ነው። ሌሊትም ተኝቶ ነው ያደረው።»

ስልኩ ከልጅቷ እጅ ተነጥቆ የእትዬ ድምፅ ተመለሰ። ፀጉር ሠሪዋ በትሕትና፣ «ውሃ ያጠጡት እትዬ፤ እሁድ ማታ እንመጣለን» ብላ ዘጋች።

«ብንሄድ ይሻላል» አለ ጋጋሪው። «እትዬ ከተቀየመች…»

«ስማኝ። አሁን ከተመለስን ከእንግዲህ አንወጣም። ምድጃ እንደገና እስኪፈርስ እኔም አንተም እናረጃለን። የታመመ ልጅ ቢሆን በእግሬም እሄድ ነበር፤ የታመመ ልጅ የለም። አንተ ከፈለግህ ሂድ። እኔ እሁድ ማታ ነው የምመጣው።»

ጋጋሪው ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ ሳይሄድ ቀረ፤ ሆኖም ዓይኑ ከስልኩ ላይ አልተነሳም። ፀጉር ሠሪዋ ይህን አየች። ገና አልመጣልኝም አለች በልቧ፤ ገላው ነው እዚህ ያለው፣ ልቡ እዚያ እትዬ ጓዳ ውስጥ ነው።

ምሳ በልተው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ጀልባ ቀዛፊው ጀልባዋን ወደ ዳር ስቦ፣ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ እያሳያቸው ነው። ጋጋሪው በእንቅልፍ እጦት ዓይኑ ቀልቷል፤ ቢሆንም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቆሟል፤ እግሩ ፀሐይ ስላላየ እንደ ሊጥ ነጥቷል፣ እሷም ይህንኑ እየተረበችው ነው። አንድ እግሯን ጀልባዋ ላይ ልታሳርፍ ስትል ከኋላ የመኪና ጥሩምባ ሰማች። ዞር አለች።

የኮንትራት ታክሲ ነው። በሩ ተከፈተና መጀመሪያ ትልቅ ፌስታል ወጣ፤ ከዚያ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ እትዬ። ከእሳቸው ኋላ ትልቋ ልጅ ፊቷን አጨማዳ ወረደች። ድንቡሼ ግን ወርዶ የት እንዳለ እንኳ ሳያይ፣ እጁን ዘርግቶ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ መጣ።

ፀጉር ሠሪዋ ተቀበለችው። አቅፋ አነሳችው፤ አንገቷ ውስጥ ተወሸቀ። የፀጉሩ ሽታ ሲመጣባት የያዘችው እልህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሊሟሟ ደረሰ። ምን ነበረበት? አንድ ቀን ነው። ልጆቿ ናቸው። አብረው ቢውሉ ምን ይጎድላል? እንዲህ አሰበች፤ ማሰቧንም አትክድም።

«አላስቀምጥ አሉኝ» አሉ እትዬ ቁልቁል እየወረዱ። «እናታችንን አምጪ፣ አባታችንን አምጪ አሉኝ። ምን ላድርግ? ይዤአቸው መጣሁ። የሚለበስም ይዣለሁ፣ እኔም አድራለሁ።»

«እኛ አላልንም» አለች ትልቋ ልጅ።

«አንቺ ዝም በይ።»

የማረፊያው ባለቤት ጥሩምባውን ሰምታ ወጥታ ኖሮ፣ በቅን ልቦና፣ «ክፍል እኮ አለን፤ ከናንተው ጎን ያለው ባዶ ነው» አለች።

«ይኸው» አሉ እትዬ። «ክፍል አለ።»

ሁሉም ወደ ጋጋሪው ዞሩ። ጋጋሪው ለክፍሉ ሊከፍል የገንዘብ ቦርሳውን ፍለጋ እጁን ኪሱ ከቷል። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስታይ ያ የሟሟው እልህ ተመልሶ ረጋ። ድንቡሼን ከአንገቷ አላቅቃ መሬት አቆመችውና ጎንበስ ብላ ፊቱን ያዘች።

«የኔ ጌታ፣ አልጠፋሁብህም። ነገ ማታ ቤት እመጣለሁ። ዛሬ ግን ከአባትህ ጋር ነኝ። አሁን ከእህትህና ከእትዬ ጋር ትሄዳለህ።»

ልጁ አፉን ከፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ለቅሶው ወጣ። ከረሜላ እገዛልሃለሁ አላለችውም። እንባውን እያየች ፊቱን እንደያዘች ቆየች።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?» አሉ እትዬ። ድምፃቸው በእውነት ተጎድቶ ነበር። «እኔ ያን ሁሉ ዓመት ከባሌ ጋር ስኖር ከገበያ በቀር ይዞኝ የሄደበት የለም። ሞትኩ?»

«አልሞቱም፣ እትዬ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያነሱታል።»

እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ወደ ወንድማቸው ዞሩ፤ «አንተስ? ምነው ዝም አልክ?»

ፀጉር ሠሪዋም ዞረች። «እጅህን ከኪስህ አውጣ» አለችው ቀስ ብላ።

ጋጋሪው ሚስቱን አየ፣ እህቱን አየ። የሚያለቅሰውን ልጁንም አየ። እጁን አወጣ፤ ባዶውን ነበር። በዚያው እጁ ድንቡሼን ብድግ አደረገና ቁልቁለቱን ወጥቶ ታክሲው ውስጥ አስቀመጠው፤ ትልቋም ተከትላ ገባች። ተመልሶ ፌስታሉን አነሳ። ብርድ ልብሱንም አነሳ። ከዚያ እህቱ ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ አሳድገሽኛል። እንግዲህ አደግሁልሽ። ልጆቹን ይዘሽ ተመለሽ፤ ነገ ማታ እንመጣለን።»

«ካልተመለስኩስ?»

«ካልተመለስሽ እኔ ቤት ድረስ አድርሻቸው እመጣለሁ። ጎረቤት አይጠፋም የሚያሳድርልኝ። ሌሊት ቢሆንብኝም እመጣለሁ፤ ሌሊት ለእኔ ምኔም አይደል። ያለዚህ ግን አይሆንም።»

አልጮኸም። ግን ለሠራተኞቹ የሚያወራበት ድምፅ ይህ ሳይሆን አልቀረም፤ ሊጥ ማቡኪያው እየተንኳኳ የሚሰማ ድምፅ። ታክሲው ውስጥ ድንቡሼ ለቅሶውን አቆመ። ከአባቱ አፍ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። ትልቋ ልጅ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እንዲህም ታወራለህ እንዴ?» አለች።

«አወራለሁ» አለ ጋጋሪው። «ነገ ማታ ለአንቺም አወራልሻለሁ።»

እትዬ ነጠላቸው ላይ የሌለ አቧራ አራገፉ። «ብርድ ልብሱን በወግ አስቀምጠው፤ ወንበር ሥር እንዳይገባ» አሉ። ከዚያ ገቡና ድንቡሼን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ቅጭም ብሏል፤ ልጁን ግን እቅፍ አድርገው ይዘውታል። ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘ።

ታክሲው አቀበቱን ሲወጣ ድንቡሼ በኋላ መስታወት በኩል ታየ። እያለቀሰ አልነበረም፤ እያያት ነበር፤ ይህ ባሰባት። ፀጉር ሠሪዋ ማንም ባያያት ኖሮ ከመኪናው ኋላ በባዶ እግሯ ትሮጥ ነበር። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ቆመች። ማሸነፍ እንዲህ እንደሚያም ማንም አልነገራትም።

«ልጥራቸው?» አለ ጋጋሪው ከኋላዋ።

«ዝም በል።»

«ገና አልራቁም።»

«አንድ ቃል ብትጨምር ሮጬ እደርስባቸዋለሁ። ዝም በልልኝ።»

ጋጋሪው መጥቶ ጎኗ ቆመ፤ እጇን ያዘ። እጁ ደረቅና ሻካራ ነው፤ የምድጃ እጅ። ዓይኖቹ ቀልተው ደፈራርሰዋል፣ በእግሩ የቆመውም በግድ ነው። ሆኖም ወደ ስልኩም፣ ወደ መንገዱም አያይም ነበር። እሷን ነበር የሚያያት።

ጀልባ ቀዛፊው ከዚህ ሁሉ ጉድ ፊቱን ለማዞር የጀልባዋን ገመድ ሲፈታና ሲያስር ቆይቷል። አሁን ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እመቤቴ፣ ካልተመቻችሁ ሌላ ቀን ይሁን» አላት። «እያለቀሱ ውሃ ላይ አይወጣም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። እንዲያው ለርስዎ ብዬ።»

ፀጉር ሠሪዋ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ጀልባዋ ተንገዳገደች፣ እሷም ተንገዳገደች፤ ባሏ ከኋላ ደገፋትና ተከትሏት ገባ። እንባዋ አሁንም ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

«አለቅሳለሁ፣ እሄዳለሁም» አለች። «ቅዘፍ።»